በአያ ጅቦ ግድግዳ ላይ የተጻፈው

አንድ ጊዜ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሩዝ በእርከን በሚዘራባት በጃቫ ደሴት፣ አንድ ጅብ ይኖር ነበር። «ጅብ እዚያ ምን ወሰደው?» አትበሉኝ፤ የምግብ ሽታ ካገኘ መርከብም ቢሆን ተደብቆ ይሳፈራል። እኛ አያ ጅቦ የምንለውን የዚያ መንደር እንስሳት «ፓክ ጅቦ» ይሉታል። በእነሱ አገር ትልቅ ወንድ ፓክ፣ ትልቅ ሴት ደግሞ ቡ ተብለው ይከበራሉ። አያ ጅቦ የሸክላ ክዳን ያለው ቤት፣ ሁለት ጎተራ ሩዝና ሞልቶ የማያውቅ ሆድ ነበረው።

ከእሱ አጠገብ ባሏ የሞተባት አህዪት ትኖራለች። ከወንዝ ድንጋይ እያመላለሰች ነበር የምታድረው። በዚያ ሰሞን ግን ኮቴዋ ተሰነጠቀና ቤት ዋለች። አዲሱ ሩዝ እስኪደርስ ሁለት ወር ይቀራል፤ በማሰሮዋ ውስጥ ያለው ግን ለአንድ ሳምንት እንኳ አይበቃም።

በዚህ መሀል ተራራው ላይ ከሚቀመጠው አስተዳዳሪ፣ ከአንበሳ፣ ትእዛዝ ወረደ። «በየመንደሩ ለአሥር ድሃ ቤቶች በየወሩ አንድ አንድ ጆንያ ሩዝ ይሰጥ!» ያማረ ትእዛዝ ነበር። ዝርዝሩን የመንደሩ ጸሐፊ ቀበሮ ጻፈ፤ የአህዪት ስምም ገባ። የቀረው የመንደሩ ሹም ጎሽ ሁሉንም ሰብስቦ ማጽደቁ ብቻ ነው።

እንስሳቱ እንደ ልማዳቸው ዋርካው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ። በዚያ መንደር ጉዳይ የሚያልቀው ሁሉም «እሺ» ሲል ነው፤ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ትልቅ ነውር ነው። ብዙ ነገር የማይገባው አያ ጅቦ ይህች ግን በደንብ ገብታዋለች።

«እኔም ድሃ ነኝ» አለ ሆዱን እያሻሸ። «ጠዋትም ይርበኛል፣ ማታም ይርበኛል።»

ጎሽ መሬት መሬቱን አየ። ጠብ ከሚያይ ጭቃ ውስጥ ቢሰምጥ ይመርጣል። «እንግዲህ ፓክ ጅቦ ካሉ...» አለ።

«ዝርዝሩ ሞልቷል» አለ ቀበሮ። «አንድ ስም ሲገባ አንድ ስም ይወጣል።»

ያን ጊዜ አህዪት ጆሮዋን ጥላ፣ «የእኔ ይውጣ፤ እኔ እችለዋለሁ» አለች። ሁሉም «እሺ» አሉ። ማንም ግን ከልቡ አላለም፤ እኔም ይህን ባወራሁ ቁጥር ያናድደኛል።

ወሬ ግን ክንፍ ካላቸው ጋር ይበራል። ሳምንት ሳይሞላ አንበሳ፣ ባለጎተራዎች የድሃ ሩዝ እንደሚበሉ ሰማና ሌላ ትእዛዝ አወረደ። «ሩዝ በሚቀበል ቤት ግድግዳ ላይ ‹ይህ የድሃ ቤት ነው› ተብሎ ይጻፍ! ያለው አፍሮ ይመልስ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ንስር መጥቶ ያያል፤ ዝርዝሩ ሐሰት ከሆነ የጸሐፊው ጅራት ይቆረጣል!»

ቀበሮ ዞር ብሎ ጅራቱን አየ። በጣም የሚወደው ጅራት ነበር። ቀለሙን ይዞ ወደ አያ ጅቦ ሮጠ፤ ያፍራል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር።

«ጻፍ!» አለ አያ ጅቦ። «በትልቁ ጻፍ! ቦታ ካለ ሁለት ጊዜ ጻፈው፤ ሁለት ጆንያ ይሰጡኝ ይሆናል።»

ቀበሮ ጽፎ ሲወጣ እያሰበ ነበር። «ይሄ ፍጡር ሀፍረት የለውም» አለ ለራሱ። «ሆድ ግን አለው።» ቀጥ ብሎ ወደ ጎሽ ሄደና በጆሮው አንሾካሾከ። ጎሽ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሳቀ። ማንንም «አይሆንም» ማለት ሳያስፈልግ የሚያልቅ ነገር ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት ከግንድ የተፈለፈለው የመንደሩ ከበሮ ቶክ! ቶክ! ቶክ! አለ። ከበሮው ሲመታ ደቦ አለ ማለት ነው፤ ሁሉም ይወጣል፣ ደቦ የተወጣለት ቤትም ሠራተኛውን ያበላል። መንደሩ በሙሉ አያ ጅቦ ደጃፍ ተሰለፈ።

«ፓክ ጅቦ፣ ይቅር ይበሉን» አለ ጎሽ አንገቱን ዝቅ አድርጎ። «ግድግዳዎ ላይ ባናነብ ኖሮ ችግርዎን አናውቅም ነበር። ልንረዳዎት መጥተናል።»

«የነፃ ጉልበት!» ብሎ አያ ጅቦ በደስታ ጨፈረ። እነሱም አንዲት የክዳን ሸክላ አስተካከሉ፣ ግቢውን ጠረጉ፣ ከዚያ በረድፍ ተቀመጡ።

«ምሳስ?» አለ ቀበሮ።

ልማድ ነውና አያ ጅቦ አበላ። ከአንበሳ የመጣው ጆንያ በዚያው ቀን አለቀ። አህዪትም እያነከሰች መጥታ ነበር። በሙዝ ቅጠል የቀረበው የመጀመሪያው ሩዝ ለእሷ ተሰጣት፤ ከስንት ቀን በኋላ ጠግባ በላች። ቀበሮ ደግሞ ሦስት ጊዜ አስጨመረ፤ የአሳቡ ዋጋ መሆኑ ነው።

በሁለተኛው ቀን፣ ቶክ! ቶክ! ዝሆን ከነቤተሰቡ መጣ። ያችኑ ሸክላ አስተካክለው ግማሽ ጎተራ በሉ። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ጎተራ ባዶ ሆነ። በአራተኛው ቀን ገና ከበሮው ሳይመታ፣ አያ ጅቦ መሰላል ላይ ወጥቶ ግድግዳውን በጥፍሩ ሲፍቅ ተገኘ።

«ምነው ፓክ ጅቦ? ዛሬ አጥሩን ልናድስልዎ ነበር እኮ!» አለ ቀበሮ።

«ተዉኝ! ድሃ አይደለሁም! ባለጠጋ ነኝ! የቀረችኝ አንዷ ጎተራም ሳታልቅ ስሜን ሰርዙልኝ!»

ጎሽ ወደ መንደሩ ዞረ። «ትስማማላችሁ?»

«እሺ!» አሉ ሁሉም። የዚያን ቀኑ እሺ ከልብ ነበር።

የአህዪት ስም ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ፤ የቀጣዩን ወር ጆንያ ተሸክሞ ያደረሰላትም ራሱ አያ ጅቦ ነው፤ ደቦው እንዳይመለስበት ፈርቶ። እሷ ግን ጆንያውን አይታ ግድግዳዋን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሩዙን እፈልገዋለሁ» አለች። «ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ድህነቴን እያነበበ ይለፍ?»

ጎሽ ራሱን አከከ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ቀበሮ ጽሑፉን በግድግዳዋ ላይ ጻፈ። ጎሽ ከሥሩ መሬቱን በቀንዱ ቆፈረ፣ ሌሎቹ የዱባ ዘር ጣሉ፣ ዝሆን ውኃ አጠጣ። የዚያ አገር ዝናብ ደግሞ አይሰስትም።

በወሩ መጨረሻ ንስር ደረሰ። ቤቶቹን እያየ ዞረና አህዪት ደጅ ሲደርስ ቆመ። «ጽሑፉ የት አለ? የማየው ቅጠል ብቻ ነው!»

«አለ ጌታዬ፤ እኛ ትእዛዝ እናከብራለን» አለ ጎሽ። «ቅጠሉን ገለጥ ያድርጉት።»

ንስር በመንቁሩ ገለጠው፤ አነበበ። አህዪት ጆሮዋን አቁማ፣ ቀና ብላ በሯ ላይ ቆማለች። ንስር ትንሽ አሰበና ቅጠሉን ቀስ አድርጎ መለሰው።

«ተጽፏል» አለ፤ በመዝገቡም እንደዚያው አሰፈረ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፍሬውስ መቼ ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀ።

መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። ዱባው የደረሰ ዕለት አህዪት ጎረቤቶቿን ሁሉ ጠርታ አበላች። መጀመሪያ የተሰለፈው ማን መሰላችሁ? አያ ጅቦ ነው። «ድሃ ሆኜ አይደለም፤ እንግዳ ሆኜ ነው!» እያለ።

ከዚህ የምንማረው ከላይ የወረደ ትእዛዝ ለችግረኛው በእርግጥ የሚደርሰው፣ ጎረቤቶቹ ክብሩን ሸፍነው ሲያደርሱለት መሆኑን ነው።