የተጨበጨበላቸው ዓሦች

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ «የእከሌ አጎት አይደለም እንዴ?» እያላችሁ ትንሾካሾካላችሁ፣ ምሳሌውም በዚያው ይቀራል። የዓሣ ባለሙያ ነው፤ ይሄ ይበቃችኋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ ዛሬ አላነሣም። እሱን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ ትደርሱበታላችሁ።

የተወለደበት ወረዳ ግማሹ ተራራ፣ ግማሹ ሞቃት ሜዳ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እትዬ ውድነሽ ትባላለች። አዝላ አሳደገችው፣ ለፍታ አስተማረችው፤ ተምሮ ሲመለስ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ቤቷ ተራራው ላይ ነው፤ ከቤቷ ዝቅ ብሎ አንድ ቀዝቃዛ ሐይቅ አለ። ባለቤቷ በሕይወት ሳለ ከዚህ ከወንድሟ ጋር ሆነው ትራውት የሚባለውን ዓሣ ገና ጥቃቅን ሳለ ከሩቅ ወንዝ በበቅሎ ጭነው አምጥተው እዚያ ሐይቅ ውስጥ ለቀቁት። ትራውት ቅንጡ ዓሣ ነው። ውሃው ካልቀዘቀዘለትና ካልጠራለት አይኖርም። እዚያ ግን ኖረ፣ ተዋለደ።

ባሏ ሲሞት ሐይቁን የሚጠብቀው ሌላ ሰው አልነበረም። እትዬ ውድነሽ በመንጠቆ ጥቂት ጥቂት እያወጣች ለከተማው ሆቴል ትሸጣለች፤ እንጀራዋ ይኸው ነው። መረብ ይዘው የሚመጡትን ጎረምሶች በዱላ ታባርራለች። ዓሦቹ ዕንቁላል ሊጥሉ ወደ ምንጩ የሚወጡበት ወቅት ሲደርስ ደግሞ ከብት እንዳይረግጠው ታጥርለታለች። «የሟች አደራ ናቸው» ትላለች። ልጅ የላትም፤ ወንድሟና እነዚያ ዓሦች ናቸው ያሏት።

ታዲያ አንድ ጊዜ ከዋና ከተማ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ለወረዳው መልእክት ላከ። የትራውት ማጥመድ ውድድር ልናካሂድ ነው፣ ከውጭ አገርም የሚመጡ አሉ፣ የሚስማማ ሐይቅ ምረጡልን አለ። የነዚህ ሰዎች ማጥመጃ እኛ የምናውቀው ትል የተሰካበት መንጠቆ አይደለም። ከላባና ከክር የተሠራ የውሸት ዝንብ ነው። ረጅሙን ክር ወደ ኋላ ወደ ፊት እያወናጨፉ ዝንቡን ውሃው ላይ ያሳርፉታል፤ ዓሣው እውነተኛ መስሎት ጎረስ ያደርገዋል። ከያዙት በኋላ ምን ያደርጉታል? ለክተው ይለቁታል። አዎ፣ ይለቁታል! ሳቁ፣ ሳቁ፤ የዚያ አገር ሰውም እንደ እናንተው ነው የሳቀው።

ሐይቅ መምረጥ የባለሙያው ሥራ ሆነ። ወረዳው ውስጥ ያሉት ሐይቆች ሁለት ናቸው። የታችኛው ከከተማው አጠገብ ነው፤ መኪና እስከ ዳርቻው ይገባል፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ጥልቀት የለውም፤ ፀሐይ ስታርፍበት ለእግር መታጠቢያ እንደሞቀ ውሃ ለብ ይላል። ትራውት አንድም የለበትም። ባለሙያው ቴርሞሜትሩን ነክሮ አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ወደ ላይኛው ወጣ።

«ታዲያ እኔ ጋ ነዋ?» አለችው እትዬ ውድነሽ።

«የት ሊሆን ነው እትዬ? ሌላ የት ትራውት አለ?»

«እዚህ ከሆነ ሐይቁ ጥበቃ ይደረግለታል አይደል? እነዚህን መረበኞች የሚከለክል ሕግ ይወጣልኛል አይደል? እኔ እኮ አርጅቻለሁ፤ ከእንግዲህ ማን ተከትሎ ያባርርልኛል?»

«ይወጣል። እኔ እያለሁ ምን አሳሰበሽ!»

እኔ እያለሁ። ይህችን ቃል ስንቶቻችን ብለናታል?

ስብሰባው ተጠራ። የወረዳው አስተዳዳሪ መሐል ተቀመጠ። አሁን እናንተ አስተዳዳሪ ስላችሁ ክፉ ሰው እየጠበቃችሁ ነው። አይደለም! ደግ ሰው ነው። የባለሙያው ሚስት ምጥ የጠናባት ዕለት የራሱን መኪና አስነስቶ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው። እናትም ልጅም የተረፉት በዚያ ሰው ነው። እና ይህ ደግ ሰው እንዲህ አለ፦

«እኔ የታችኛውን ብለን ብንጨርሰው ይሻላል እላለሁ። የክብር እንግዶቹን ያንን ሁሉ አቀበት እንዴት አድርገን ነው የምናወጣቸው? ድንኳኑስ የት ይተከላል? መድረኩስ?»

ልብ በሉ። የዓሣ ውድድር ነው፤ የተመረጠው ግን የድንኳን ቦታ ነው። እኛ እንዲህ ነን! ሠርግ ስንደግስ ከሙሽሮቹ ይልቅ የምንጨነቀው ለማን ወንበር ነው? ተውት፣ ተውት፣ አልመልሰውም።

«ባለሙያው ምን ይላሉ?» አለ አንድ ሰው።

ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። ያውቃል እኮ! ውሃውን ለክቶታል፤ ያ ሐይቅ ለትራውት መቃብር መሆኑን ከዚያ ቤት ውስጥ እንደሱ የሚያውቅ የለም። ቀና ሲል የአስተዳዳሪውን ፊት አየ። ፈገግ ብሎለታል። ያቺ ምጥ የያዛት ሚስቱ፣ ያ መኪና ታወሰው። ይህን ሰው በሰው ፊት «ተሳስተሃል» ልበለው? ምን ይለኛል? ምን ይሉኛል?

«ጥሩ ነው» አለ። «ትንሽ ብቻ...»

«ትንሽ ምን?»

«ምንም። ይቻላል።»

«ዓሣው ግን ታች የለም አሉ» አለ ሌላው።

«ከላይ ይምጣ!» አለ አስተዳዳሪው፤ ተጨበጨበ፣ ውሳኔው ጸደቀ። ባለሙያውም አጨበጨበ። በልቡ «በኋላ ለብቻው እነግረዋለሁ» አለ። ሲወጡ ሊነግረው ተጠጋ፤ አስተዳዳሪው ከእንግዶች ጋር ነበር። በማግሥቱ ሄደ፤ ስልክ ላይ ነበር። ሌላ ቀን ሄደ፤ ብቻውን አገኘው። አስተዳዳሪው «ልጅህ አደገልህ?» ብሎ ጠየቀው። ስለ ልጁ አወሩና ተመለሰ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ዓሦቹን ለማምጣት ወደ እህቱ ወጣ። በርሜል የጫኑ ሰዎች፣ መረብ የያዙ ሰዎች ተከትለውታል። እትዬ ውድነሽ መረቡን ስታይ ደነገጠች።

«እዚህ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ተለወጠ እትዬ። ለአንድ ቀን ነው። ውድድሩ ሲያልቅ መልሰን እናመጣቸዋለን።»

«ታች ውሃው አይሞቅባቸውም?»

ዓይኗን ሳያይ መለሰላት። «ምንም አይሆኑም» አላት።

ማንን ነው የጠየቀችው? አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። አመነችው። እንዴት አታምነው! ወቅቱ ዕንቁላል የሚጥሉበት ነበር፤ ትልልቆቹ እናቶች ወደ ምንጩ አፍ ተሰብስበዋል። ለሰዎቹ አጥሩን በገዛ እጇ ከፈተችላቸው። «እዚህ ጋ ናቸው፤ ቀስ ብላችሁ፣ አትጉዷቸው» እያለች ራሷ አሳየቻቸው። በዱላ ስትከላከለው የኖረችው መረብ በእሷ መሪነት ሐይቋ ውስጥ ገባ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ሙዚቃው ደምቋል። ዓሦቹ በርሜል ውስጥ ናቸው። እንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ተደረገ። ስለ ወረዳው እምቅ ሀብት ንግግር ተደረገ። የመጀመሪያውን ተናጋሪ የሚያመሰግን ተናጋሪ ተነሣ። ፀሐይዋ ትተኩሳለች። ባለሙያው በርሜሎቹን እያየ ላብ ያጠምቀዋል፤ ተነሥቶ «ንግግሩ ይቁም» ማለት አልቻለም። የክብር እንግዳ እየተናገረ እንዴት ይነሣል? ነውር ነዋ!

በመጨረሻ ዓሦቹ ሐይቁ ውስጥ ተለቀቁ። ተወዳዳሪዎቹ ዘንጋቸውን አዘጋጁ። ጥቂት ቆይቶ ትራውቶቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ መጡ። ውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘላሉ፣ ይገላበጣሉ።

«አያችሁ!» አለ የመድረክ መሪው በድምፅ ማጉያው፤ «እንግዶቻቸውን በጨዋታ ሲቀበሉ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እልል ያሉም ነበሩ። አየር አጥተው ሲያጣጥሩ፣ ለሞታቸው አጨበጨቡላቸው! ባለሙያውስ? የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ስለሆነ እሱም ለማጨብጨብ እጁን አነሣ። ያን ጊዜ እጁ ምነው በቀረ!

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሽማግሌ ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ አየና ክሩን ጠቀለለ። «እየሞቱ ነው» አለ። ሌሎቹም ጠቀለሉ። ሙዚቃው ቆመ። ዓሦቹ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ዳርቻውን ሞሉት።

አስተዳዳሪው ወደ ባለሙያው መጣ። ይቆጣዋል ብላችሁ ነው? ምነው በተቆጣው!

«ታውቅ ነበር?» አለው ቀስ ብሎ።

ባለሙያው ወደ ተንሳፈፉት ዓሦች ዞረ።

«እንዴት አትነግረኝም? ብትነግረኝ እኮ ላይ እናደርገው ነበር። ድንኳኑ ገደል ይግባ! እኔ ስለ ዓሣ ምን አውቃለሁ? አንተን አይደል የጠየቅነው?»

ሰማችሁ? ይሰማው ነበር! ያ ሁሉ ፍርሃት ለማይቆጣ ሰው ነበር። ቅር ይለዋል ብሎ እውነቱን የደበቀበት ሰው፣ አንድ ቃል ቢሰማ ኖሮ ነገሩን ያስተካክል ነበር። ስለዚህ ሲበላሽም ጥፋቱን የሚጥልበት ሰው አጣ።

ወደ እህቱ ወጣ። እትዬ ውድነሽ ምንጩ አፍ ላይ ሆና ጭቃውን እያጠራች ነበር፤ ዓሦቹ ሲመለሱላት እንዳይጎዱ። በርሜል የያዘ ሰው ሳታይ ቀረች፤ እሱን ብቻ አየችው።

«የታሉ?» አለችው።

ነገራት። ምንም ሳያስቀር ነገራት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እኔ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እትዬ ውድነሽ ከጭቃው ወጣች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እሱን አፈርከው» አለች፤ «እኔን ግን አላፈርከኝም። እኔ ቅርብህ ስለሆንኩ ነው አይደል? እኔ ብከፋ የት እሄዳለሁ ብለህ ነው።»

አልረገመችውም። ጎረምሶቹ ደግሞ «መንግሥት በመረብ ካወጣ እኛን ማን ይከለክለናል?» ብለው የቀሩትን ጥቃቅኖች ጨረሷቸው። የምትከለክልበት አፍ አጣች፤ አጥሩን የከፈተችው እሷ ናትና። ዛሬ ዓሣ ትሸጥለት በነበረው ሆቴል አንሶላ ታጥባለች። ወንድሟ በየበዓሉ እየሄደ እግሯ ላይ ይወድቃል። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ተነሣ» ትለዋለች። የእውነቷን ነው። ይቅርታውን አግኝቷል፤ ሐይቁ ግን ባዶ ነው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ስለ ዓሣ ነው የሚያወራው ብላችሁ ተደላድላችሁ ተቀምጣችኋል።

ዋሾውን እናውቀዋለን፤ እንጠነቀቀዋለን። እኔ የምፈራው ጨዋውን ነው። እውነቱን እያወቀ ለሰው ፊት ብሎ የሚውጠውን፣ ጨዋ ሰው ተብሎ የሚመሰገነውን። ይህን ሰው አታውቁትም? ጠዋት ፊታችሁን ስትታጠቡ አላያችሁትም? ጓደኛችሁ ያላቅሙ ቤት ሲጀምር አይታችሁ «እግዜር ይርዳህ» ብላችሁ አለፋችሁ። የወንድማችሁ ሳል ከጸና ከርሟል፤ «ሐኪም ዘንድ ሂድ» ብላችሁ እንዳታስደነግጡት ስለ ዝናብ ታወራላችሁ። ይህን ትሕትና ነው ትሉታላችሁ። አይደለም፤ የሰው ፊት እንዳይጠቁርብን የሰው ሕይወት ስንከፍል ነው። እግዚአብሔር ምላስ የሰጠን ለእልልታ ብቻ ነው እንዴ?

እዚህ መካከል በዚህ ሳምንት ለአንድ ልጅ ሚስት ልትጠይቁ ለሽምግልና የተላካችሁ አላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ ስም አልጠራም። ልጁ ከጠጣ እጁ እንደማያርፍ ታውቃላችሁ። የፊተኛይቱ ሚስቱ ለምን ጥላው እንደሄደች ታውቃላችሁ። አባቱ ወዳጃችሁ ስለሆነ ግን የልጅቷ ቤተሰቦች «እንዴት ያለ ልጅ ነው?» ብለው ሲጠይቋችሁ ጋቢያችሁን አስተካክላችሁ «የጨዋ ልጅ ነው» ብላችኋል። ያቺ ልጅ የናንተን ሽበት አይታ እሺ ብላለች። አሁን እኔ እየተናገርኩ፣ እሷ የሠርግ ልብሷን እየለካች ነው።

አሜን ለማለት አትቸኩሉ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ታገሡና፣ ወደ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት የዚያችን ልጅ ደጅ አንኳኩ።