ሽቦው የጠጣው ኃይል

«አንድ ሽንኩርት አምራች ነበረ» አሉ መምህር ስንሻው። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ትርንጎ የመጣችው ግን ስለ ኤሌክትሪክ ልትጠይቃቸው አልነበረም። ካኮረፈቻት እህቷ ጋር በሰው በሰው እየተላላኩ ነገሩ አልበርድ ቢላት፣ «ከእስካሁኑ የጠነከረ ቃል ልላክባት ወይ?» ብላቸው ነበር።

መምህሩ ቀጠሉ።

የሰውየው እርሻ ወንዝ ዳር፣ ቤቱ ግን ኮረብታው ላይ ነበር። የውሃ ፓምፕ ገዛና ከቤቱ ቆጣሪ እስከ ወንዙ ቀጭን ሽቦ ዘረጋ። ወንዙ አጠገብ መብራት የገባለት ጎረቤት ነበረው፤ ነገር ግን በውሃ ተራ ተጣልተው ስለነበር ደጁን መርገጥ አልፈለገም። ሽቦውን በጎረቤቱ አጥር ጥግ አሳልፎ ወሰደው።

ፓምፑ ያቃስታል እንጂ ውሃ አይገፋም። የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ እየደረቀ መጣ። ሰውየው ፓምፑን ረገመ፤ የሸጠለትንም ረገመ። በመጨረሻ ከከተማ ኤሌክትሪሺያን አስመጣና፣ «እባክሽ እህቴ፣ ኃይሉን ጨምሪልኝ፤ ይህ ሞተር ሰነፍ ነው» አላት።

እርሷ ግን መለካት ጀመረች። ከቤቱ የሚነሳው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው። ፓምፑ ዘንድ የሚደርሰው መቶ አርባ። በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ስምንት አምፔር።

«ሰማንያ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል» አለችው። «ሰማንያን ለስምንት አካፍለው፤ አሥር ኦም ይሆናል። የሽቦህ ተቃውሞ ይህ ነው። ሰማንያን ደግሞ በስምንት አባዛው፤ ስድስት መቶ አርባ ዋት። ይህን ያህል ኃይል ሽቦህ እየጠጣ ሙቀት ያደርገዋል። ታዲያ ሞተሩ ምን አጠፋ?»

ሰውየው ሽቦውን ከነልባሱ በመዳፉ ያዝ አደረገው። ሞቅ ይላል።

«ምን ይሻለኛል?»

«ወይ ወፍራም ሽቦ፣ ወይ አጭር መንገድ» አለችና በዓይኗ የጎረቤቱን ቤት አሳየችው።

ሰውየው ከራሱ ጋር ሲሟገት ዋለ። በማግሥቱ ሽንኩርቱን አንድ ጊዜ አየና ወደ ጎረቤቱ ደጅ ሄደ። «ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። ጎረቤቱ ብቅ አለ።

«ከመስመርህ እንድትሰጠኝ ልለምንህ መጣሁ።»

ጎረቤቱ ወደ አጥሩ ጥግ ተመለከተ። ከዚያ፣ «ሽቦህን አጥሬ ሥር ባየሁት ቁጥር፣ ባለቤቱስ መቼ ይመጣል እል ነበር» አለው። «ግባ።»

መስመሩ ሲያጥር የሽቦው ተቃውሞ አንድ ኦም ብቻ ሆነ፤ መንገድ ላይ የሚቀረውም ጥቂት ቮልት። ያው ሰነፍ የተባለው ሞተር ውሃውን እስከ እርሻው ዳር ገፋው። ከሽንኩርቱ ግማሹ ተረፈ፤ ግማሹ ግን አልተመለሰም።

መምህሩ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቃልሽ ጉልበት አላነሰውም። በረጅም ቀጭን ሽቦ ስለላክሽው ነው። በመሃል ያለው መልእክተኛ ሁሉ ጉልበቱን እየጠጣበት፣ እህትሽ ዘንድ የሚደርሰው ማቃሰቱ ብቻ ነው። ብትጨምሪበት የሚግለው መንገዱ ነው። ራስሽ ሂጂ።»

«ሄጄ በሩን ባትከፍትልኝስ?»

«ያን ጊዜ የእህትሽን ተቃውሞ ታውቂዋለሽ» አሉ መምህሩ። «እስከ ዛሬ የለካሽው የሽቦውን ነው።»