የብሎክ አርባ አንድ ባዶ ሙቀጫ

በቀጨሞ ሜዳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብሎክ አርባ አንድ በቁጥሩ የሚጠራው በውል ወረቀትና በመብራት ቆጣሪ ላይ ብቻ ነው። የታክሲ ረዳቶች «ባዶ ሙቀጫ ወራጅ አለ?» ብለው ይጣራሉ፤ ሠርግ የሚደግሱ ሰዎችም በመጥሪያ ወረቀታቸው ላይ «ከባዶ ሙቀጫ ፊት ለፊት» ብለው ያሳትማሉ። ሙቀጫው ዛሬም አለ። ከደረጃው ሥር፣ በሲሚንቶ በተሠራ አጭር መደብ ላይ ተቀምጧል። ዘነዘናው ግን እዚያ የለም፤ በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተረኛው ሁልጊዜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዘነዘናውን ይዞ ይወርድና ምንም ባልተጨመረበት ሙቀጫ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይወቅጣል። ከዚያ ብቻውን ወደሚኖር ሰው ቤት ይወጣል፣ ያንኳኳል፣ ይገባል፣ «ተቀመጥ» ሳይባል ይቀመጣል። ሌላ ሰፈር ይህን ያደረገ እንግዳ ጨዋ ያላሳደገው ይባላል። በብሎክ አርባ አንድ ግን ነውሩ በር ላይ ቆሞ «አልቀመጥም፣ እቸኩላለሁ» ማለት ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት አዛውንቶቹ ናቸው። አዛውንት ስንልም ጺማቸው የወረደ የአገር ሽማግሌዎች አይምሰሏችሁ፤ ዕጣ ደርሷቸው በመጀመሪያው ዓመት የገቡትን ማለታችን ነው። ሕንፃው ራሱ ከሃያ ዓመት ብዙም አይዘልም፣ ጓሮ ያለው የዘይቱና ዛፍ ይበልጠዋል፤ በዚህ ዕድሜው አፈ ታሪክ ማበጀቱ ያስቃል። አዛውንቶቹ ግን ይህን ሲያወሩ አይስቁም። ዓይናቸውን ጫማቸው ላይ ተክለው ነው የሚያወሩት፤ በገዛ ጆሯቸው የሰሙትን ሁሉ «ይባላል» እያሉ ነው የሚተርኩት።

እንደሚነገረው፣ በዚያን ዘመን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስካለ የምትባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትኖር ነበር። አስካለ ያደገችውም የተዳረችውም አሥራ አራት አባወራ በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ ሰው ሲያስነጥስ ከግድግዳ ማዶ «ይማርህ» ይባላል፤ ድስት ሲከፈት ምን እንደተሠራ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ባሏ ጥሏት የሄደ ቀን እንኳ ከእሷ ቀድሞ ግቢው ሰማ፤ ቧንቧው ጋ የቆሙት ሴቶች ባልዲያቸውን ይዘው ዝም ሲሉ ነው እሷ ነገሩ የገባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሷ የሆነ በር ኖሯት እሱን መዝጋት። ዕጣው ሲወጣላት ቁልፉን ሳመችው ይባላል። በገባች በመጀመሪያው ዓመት ከጎረቤቶቿ የአንዱንም ስም አላወቀችም፤ በዚህም ኩራት ነበራት።

ከእሷ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እትዬ ደብሪቱ ይኖሩ ነበር። ዕጣ አዛኝ አይደለምና ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አሮጊት አናት ላይ ሰቀላቸው፤ የዱሮ ጎረቤቶቻቸውንም በየሳይቱ በተናቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ፊት ለፊታቸው ያለው ቤት ባለቤቱ ስላልገባበት እንደተቆለፈ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ሰኞ፣ ውሃና አስቤዛ የሚያመጣላቸው ተሸካሚ ነበር፤ ከእሱ በቀር ያንን የመጨረሻ ደረጃ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን አስካለ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ከራሷ በላይ ድም፣ ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ጀመረ። አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። በማግስቱም በዚያው ሰዓት፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ራሷን በሻሽ አስራ ወጣችና በሩን ደበደበችው። በሩ ወዲያው ተከፈተ፤ እትዬ ደብሪቱ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው ቆመዋል።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ አረፍ በይ።»

«አልቀመጥም እትዬ። ራሴን ያመኛል። ምንድን ነው የሚወቅጡት በዚህ ሰዓት?»

«በርበሬ ነው» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ወንበሩን ግን አሁንም ወደ እሷ እየሳቡ ነበር።

አስካለ ወንበሩን አላየችም። ሁለተኛ ስትወጣ ዝንጅብል ነው አሏት፤ ሦስተኛ ስትወጣ ኮረሪማ። ሦስት ጊዜ «ቁጭ በይ» አሏት፣ ሦስት ጊዜ «አልቀመጥም» ብላ ተመለሰች። በርበሬ ሲወቀጥ ደረጃውን ሙሉ እንደሚያስነጥስ፣ ከእትዬ ደብሪቱ ቤት ግን ምንም ሽታ ወጥቶ እንደማያውቅ ያኔ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። የተናደደ ሰው አፍንጫ አይሠራለትም መሰለኝ።

ከዚህ በኋላ አስካለ አቤቱታ ጻፈች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናትና ጽሑፏ ያማረ፣ አንቀጹ የተስተካከለ ነበር፤ «የነዋሪውን ሰላም ስለሚያውክ ድምፅ» የሚል ርእስ ሰጠችው። ወረቀቱንም ይዛ ከቤት ቤት ዞረች። የጎረቤቶቿን በር ለመጀመሪያ ጊዜ ያንኳኳችው ያን ቀን ነው። ከአሥራ ዘጠኙ ቤት አሥራ ስድስቱ ፈረመ፤ አብዛኞቹ እትዬ ደብሪቱን በመልክም አያውቋቸውም ነበር። ብሎክ አርባ አንድ ተባብሮ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ይህ መሆኑን አዛውንቶቹ አይክዱም፤ እዚህ ሲደርሱ ግን ትንሽ ያስላሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ግዛቸው ሙቀጫውን ሊወስድ ወጣ። እትዬ ደብሪቱ አልተከራከሩትም። ዘነዘናውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጡትና «ከባድ ነው፣ ቀስ በል» አሉት። ከዚያ ደግሞ «አስካለ እንዴት ናት? ራሷን ተሻላት?» ብለው ጠየቁት። አቶ ግዛቸው ደህና ናት ብሎ ወረደ፤ ሙቀጫውንም ከጥበቃው ጎጆ ውስጥ ጣለው።

ዘጠኝ ቀን ጸጥታ ሆነ። በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከላይ ድምፅ መጣ። እንደ ዱሮው ከባድ አልነበረም፤ ቀጭን ነበር፤ ሦስት ጊዜ መትቶ ያርፋል፣ እንደገና ሦስት ጊዜ ይመታል። አስካለ «ደግሞ ምን አገኙ!» አለችና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው። ረቡዕ በዚያው ሰዓት ድምፁ ተመልሶ መጣ፤ ከትናንቱ የደከመ ነበር። ይሄኔ ትዕግሥቷ አለቀ። መጥረጊያውን ገልብጣ ያዘችና በእንጨቱ ኮርኒሱን ሦስት ጊዜ ደበደበችው፤ ይበቃል ማለቷ ነበር። ከላይ ግን ወዲያው፣ ፈጠን ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰላት። ደገመች፤ ተደገመላት።

«እየተሳለቁብኝ ነው!» አለች አስካለ ለብቻዋ። መጥረጊያውን ወርውራ ሁለተኛውን አቤቱታ ለመጻፍ ተቀመጠች።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ድምፁ አልመጣም። ሩብ አለፈ፣ ግማሽ አለፈ፤ የለም። ደስ ሊላት ሲገባ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ወደ ላይ አዳመጠች። ምን ብዬ ነው የማንኳኳው፣ ዛሬ ዝም ስላሉ ልከስዎት መጣሁ ልበል እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች። በመጨረሻ ወጣች። ብታንኳኳ መልስ የለም። በሩን ገፋ ብታደርገው አልተቆለፈም ነበር።

እትዬ ደብሪቱ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ወለሉ ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል። በቀኝ እጃቸው አንድ እግር የፕላስቲክ ጫማ ይዘዋል፤ ወለሉን የሚመቱት በእሱ ነበር። አቅማቸውን ቆጥበው፣ አስካለ ከሥራ የምትገባበትን ሰዓት እየጠበቁ ነበር የሚመቱት።

«መጣሽ?» አሏት፤ ድምፃቸው ለመውጣት ታገለ። «ትናንት ስትመልሺልኝ ጊዜ፣ ሰምታኛለች አልኩ። ከሥራ ደክማ ገብታ ነው፣ ትንሽ ትረፍና ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩሽ።»

አስካለ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መጥረጊያው መልስ አልነበረም፣ ንዴት ነበር ልትል አፏን ከፈተች፤ አልቻለችም። ውሃ ሰጠቻቸው፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ወጥታ ጮኸች። አቤቱታውን የፈረሙት ሰዎች ናቸው በብርድ ልብስ ተሸክመው አራት ፎቅ ያወረዷቸው። በየመታጠፊያው እትዬ ደብሪቱ «አደከምኳችሁ፣ ይቅርታ» ይሏቸው ነበር ይባላል።

እሳቸው ሆስፒታል ሳሉ አስካለ ሙቀጫውን ልትመልስላቸው ወደ ጥበቃው ጎጆ ሄደች። ልታጥበው ውስጡን አየች። የበርበሬ ቅላት የለበትም፣ የዝንጅብል ጭረት የለበትም፤ እንጨቱ እንደተፈለፈለ ነጭ ነበር፤ ታቹ ብቻ ከመመታት ብዛት ልሟል። አስካለ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ጥበቃው አመማት ብሎ ውሃ አመጣላት።

እትዬ ደብሪቱ ከሁለት ወር በኋላ በከዘራ ተመለሱ። አስካለ ሙቀጫውን ተሸክማ ወጣችና አስቀመጠችው፤ ሳትታዘዝም ያንን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ምን ነበር የሚወቅጡት?» አለቻቸው አንገቷን ደፍታ።

«ምንም» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈውም «ማንም አይመጣም ነበር፣ ልጄ። ስወቅጥ አንቺ ትመጪ ነበር። ተቆጥተሽም ቢሆን ትመጪ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ አስካለ ለአምስት ዓመት በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣች ይባላል። ምስር አብረው ለቅመዋል፣ ተጣልተው ታርቀዋል፣ አንዳንድ ቀን ምንም ሳይነጋገሩ አምሽተዋል። ሌላው ሁሉ ሲወራ የመጥረጊያው ነገር ግን አልተነሣም። እትዬ ደብሪቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እሷ ናት የመለሰችልኝ፤ ሕንፃው ሁሉ ዝም ሲል እሷ መለሰችልኝ» እያሉ ያመሰግኗት ነበር። አስካለም እያንዳንዱን ምስጋና አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ትላለች፣ ነገ ትላለች፤ ደስታቸውን ስታይ ምላሷ ይታሰራል፤ ደስታቸው አሳዝኗት ይሁን ለራሷ ክብር ፈርታ እሷም አታውቀውም። እትዬ ደብሪቱ ያ መጥረጊያ መልስ እንደመሰላቸው ሞቱ።

በሰልስታቸው ዕለት ነዋሪው በጋራ መገልገያው ቤት ተሰብስቦ ሳለ አስካለ ተነሥታ ቆመች። የመታሰቢያ ንግግር የምታደርግ መስሏቸው ጸጥ አሉላት። እሷ ግን ስለ መጥረጊያው ተናገረች፤ ምን ብላ እንደመታች፣ ስንት ጊዜ እንደመታች፣ አምስት ዓመት ሙሉ የማይገባትን ምስጋና እንዴት እንደበላች አንድም ሳታስቀር ተናገረች። «መልስ አልነበረም። ዝም በሉ ነበር ያልኳቸው» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እዚህ ላይ አዛውንቶቹ የማይተርኩት አንድ ነገር አለ፤ እኔ ልናገረው። በዚያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ወለል ሲመታ ድምፁ በምሰሶው ይወርዳል። ሁለተኛ ፎቅ ይሰማል፣ አንደኛም ይሰማል፣ ምድር ቤት ያለውም ጆሮውን ከሰጠ ይሰማል። ማክሰኞም ረቡዕም ሁሉም ቤት ሰምቷል፤ የአስካለ ጉዳይ ነው ብሎ ተወው። በሰልስቱ ዕለት ግን «እኔም ሰምቼ ነበር» ያለ ሰው አልነበረም። አቶ ግዛቸው ብቻ ሁለት ጊዜ ሊነሣ ሞክሮ ተቀመጠ።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከደረጃው ሥር ድም፣ ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ተሰማ። ሙቀጫውን ማን እንዳወረደው፣ ማን እንደወቀጠው በትክክል አይታወቅም፤ አቶ ግዛቸው ነው የሚሉ አሉ። ወዲያው የአስካለ በር ተንኳኳና አንድ ሰው ገብቶ ሳይጠየቅ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሰው መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ስብሰባ አልተጠራም፣ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም፤ ያልተናዘዙት ሁሉ እየተፈራረቁ መጡ እንጂ። ተራውም እንዲሁ እየተያያዘ እስከ ዛሬ ደረሰ።

ዛሬ ሕንፃው ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አምስት ሰዎች አሉ፤ ከአምስቱ አንዷ አስካለ ናት። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷም ደረጃ ይፈራል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ንጹሕ ነጠላ ትለብሳለች፣ ወንበሩን ወደ በሩ ታስጠጋለች። ከታች ሦስት ጊዜ ሲወቀጥ ትሰማለች፤ ተረኛው ገብቶ ሲቀመጥም ዓይኑን ማየት ስለሚያሳፍራት ወለሉን እያየች፣ ሁልጊዜ ያንኑ ትጠይቃለች።

«ምንድን ነው የምትወቅጡት?»

«ምንም» ይላታል ተረኛው።

ከዚያ እሷም ትቀመጣለች።