የሁለት ሰው ጾም

አንድ ጾም የተወ ልጅና ጾም የማይተዉ እናቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር። ልጁ ናሁሰናይ ይባላል፤ መንገድና ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ባላቸው ከሞቱ በኋላ እሱን ብቻ ይዘው የቀሩ ሴት ነበሩ።

ናሁሰናይ ጾሙን የተወው ከማንም ጋር ተጣልቶ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ብዙ አነበበ፣ ብዙ ጠየቀ፤ ከዚያ አንድ ቀን ልቡን ሲፈትሽ እምነቱ እዚያ አልነበረም። ሰው ጃንጥላውን የት እንደረሳው እንደሚጠፋበት ሁሉ፣ እሱም የት ላይ እንደጣለው አላወቀም። ለእናቱ ግን መደበቅ አልፈለገም። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ ከእንግዲህ እንደማይጾም፣ የማያምንበትን ነገር ለይምሰል ቢያደርገው ማታለል እንደሚሆንበት ነገራቸው። ወይዘሮ አስካለ አላለቀሱም፣ አልተቆጡምም። "እሺ ልጄ" ብቻ አሉት። ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለው። እናት "እሺ" ስትል ነገር አለቀ ብሎ ማሰብ የልጅ ሁሉ የዋህነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ጾም በገባ ቁጥር በዚያ ቤት ሁለት ድስት ይጣዳል። አንዱ የእሳቸው የጾም ድስት፣ ሌላው የሱ የፍስክ ድስት። የሱንም የሚሠሩለት እሳቸው ናቸው። ስለማይቀምሱት ጨዉ አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ይጎድላል፤ እሱም ምንም ሳይል ይበላል። ደግሞ ጎረቤቶቻቸው ከቅዳሴ መልስ እህል ሲቀምሱ ወይዘሮ አስካለ ብቻ እስኪመሽ ድረስ ይቆያሉ። ናሁሰናይ ይህን ያይና፣ እናቴ ግትር ናት እያለ በልቡ ይስቃል።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ወይዘሮ አስካለ ታመሙ። ሳንባቸው ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱ ብርቱ ስለሆነ በባዶ ሆድ እንዳይወስዱት፣ ወተት፣ እንቁላልና የሥጋ መረቅ ካላገኙም ሰውነታቸው እንደማይችለው ለልጁም ለእሳቸውም አስረግጦ ነገራቸው። ሁዳዴ ገባ፤ እሳቸውም እንደልማዳቸው ጾሙ። ናሁሰናይ ለመነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነ። ሲያቅተው የንስሐ አባታቸውን መምሬ ውብሸትን ጠርቶ አመጣ። መምሬም ሕመምተኛ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት አስረድተው፣ በመስቀላቸው ባርከው ከጾሙ ፈቷቸው። ወይዘሮ አስካለ መስቀሉን ተሳለሙ፣ "እሺ አባቴ" አሉ። በማግሥቱም እስኪመሽ ጾመው ዋሉ።

ፊታቸው ከሳ፤ ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ ያስቸግራቸው ጀመር። ናሁሰናይ እናቱን በዓይኑ እያየ ሊያጣቸው ነው። እሱ ደግሞ ችግር ሲያይ መላ ሳይፈልግ የማይተኛ ሰው ነው። አሰበና አንድ ነገር አደረገ፤ ማታ ማታ ሠርቶ በሚሰጣቸው የአጃ አጥሚት ውስጥ ወተት መቀላቀል ጀመረ። እሳቸው ካላወቁ ኃጢአት የለም፣ ሰውነታቸው ግን ወተቱን ያገኛል፤ ስሌቱ ልክ ነበር። ደግሞም ሠራ፤ ፊታቸው ትንሽ መለስ አለ። እሱም ደስ አለው።

አንድ ቀን ግን እሱ ሥራ በዋለበት ወይዘሮ አስካለ አቅም አገኘሁ ብለው ድስት ሊያጥቡ ተነሡ። ከአጥሚቱ ድስት ጠርዝ ላይ የደረቀውን የወተት ስልባቦት አዩት። ልጃቸው ሲመጣ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን ከእጁ ምንም አልቀበል አሉ። ያቀረበላቸውን ሳይነኩ ያስቀምጡና ግድግዳ እየተደገፉ ሄደው በሶ በጥብጠው ይጠጣሉ። ናሁሰናይ ይህን ሲያይ የሆነው ገባው። እናቱ ሲታመሙ ያላለቀሰ ሰው ያን ቀን ጓዳ ገብቶ አለቀሰ።

በማግሥቱ ከሥራ ቀርቶ ከአልጋቸው ጎን ተቀመጠ። ይቅርታ ጠየቃቸው። ወይዘሮ አስካለም ይቅር አሉት፤ አጥሚቱን ግን ከእጁ አልተቀበሉም።

"መምሬ ፈተውሽ የለም ወይ?" አላቸው። "ታዲያ ለምን ትጾሚያለሽ፣ እማዬ?"

"እኔንማ ፈቱኝ" አሉት። "የራሴን ጾም እሳቸው በፈቱኝ ቀን ተውኩት። ይሄ የምጾመው ያንተን ነው።"

ናሁሰናይ አልገባውም። እሳቸውም እያረፉ፣ እየሳሉ አስረዱት። ያን ጊዜ አልጾምም ሲላቸው "እሺ" ያሉት የሱን እኔ እይዝለታለሁ ብለው ነበር። ሰው ሁሉ ከቅዳሴ መልስ ሲቀምስ እሳቸው እስኪመሽ የሚቆዩት የራሳቸው ሲያልቅ የሱን ስለሚጀምሩ ነው። ሲመለስ ያገኘዋል፣ ባይመለስም በፈጣሪ ፊት ባዶውን አይቆምም ብለው ይህን ሁሉ ዓመት ይዘውለት ኖረዋል። መምሬ የፈቱት የእሳቸውን እንጂ የልጁን አይደለም። አሁን እሳቸው ቢተዉት ማን ይይዘዋል?

ናሁሰናይ ተነሣ። ወደ ግቢው ወጥቶ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቱን እየገደላቸው ያለው ሳንባቸው ብቻ አልነበረም። ግትርነት ብሎ ሲስቅበት የኖረው ነገር ለካ በሱ ስም የተያዘ ረሃብ ኖሯል። ብዙ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ገባ።

"መልሺልኝ" አላቸው።

"ምኑን?"

"ጾሜን። የራሴን እኔ ልያዘው።"

ወይዘሮ አስካለ ከትራሳቸው ቀና አሉ። "አምነህ ነው?" አሉት። ዓይናቸው ውስጥ ያለውን ተስፋ አየ። አንዲት "አዎ" ብትወጣው ወተቱን አሁኑኑ ይጠጡለታል። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ አታልሏቸዋል፣ ሁለተኛ ሊያታልላቸው አልቻለም።

"አላመንኩም እማዬ" አላቸው። "አልዋሽሽም። ረሃቡን ግን መሸከም እችላለሁ።"

ያላመኑበት ጾም ጾም ይሆናል ወይ የሚለው ወይዘሮ አስካለን አስጨነቃቸው። መምሬ ውብሸት እንደገና ተጠሩ። ነገሩን ከሁለቱም ሰሙ። ይህን የመሰለ ጥያቄ መጥቶባቸው እንደማያውቅ፣ መልሱንም እርግጠኛ ሆነው እንደማይናገሩት አልደበቁም።

በመጨረሻ ግን "እሱ ረሃቡን ይያዝ፤ አንቺ ጸሎቱን ያዢ" አሉ። "ሁለቱን ገጥሞ የሚያየው ፈጣሪ ነው። አንቺ ግን ከነገ ጀምሮ ወተትሽን ጠጪ።"

መምሬ ሲሄዱ ወይዘሮ አስካለ ልጃቸውን በጥርጣሬ አዩት። ሥራ ቦታ ቢበላ በምን እንደሚያውቁ ጠየቁት። ናሁሰናይ ማወቂያ እንደሌላቸው፣ ያለ ማረጋገጫ ሊያምኑት እንደሚገባ ነገራቸው። እሳቸውም ይህማ እኔ ስነግርህ የኖርኩት ነገር ነው ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ ሳላቸው ተነሣ፣ እሱም እየሳቀ ጀርባቸውን ደገፈላቸው።

በማግሥቱ ነገር ሁሉ ተገለበጠ። መረቁን የሚሠራው እሱ፣ የሚጠጡት እሳቸው ሆኑ። ስለማይቀምሰው ጨዉ አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ይጎድላል፤ እሳቸውም ምንም ሳይሉ ይጠጡታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ወተቱን ሲጠጡ እንባቸው ይወርድ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን እንባው ቀረና መብላቱ ቀጠለ።

ጾሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ናሁሰናይ ሲሠራው የከረመው ድልድይ ተጠናቀቀ፤ የሥራ ባልደረቦቹም ምሳ ጋበዙት። የሄዱት በሁዳዴ ሥጋ ወደማይጠፋበት ቤት ነው፤ ቤቱን ለጓደኞቹ ያሳያቸው ራሱ ናሁሰናይ ነበር። ጥብሱ እየጮኸ መጣ። ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ስለቆመ ረሃቡ ጸንቶበታል። ከላይ ሆኖ የሚያየው አለ ብሎ አያምንም፤ እናቱም ቤት ናቸው። አንድ ጉርሻ ቢጎርስ በዚህ ዓለም ማንም አያውቅበትም።

ግን ሰዓቱን አየ። እናቱ የምሳ ሰዓት ወተታቸውን የሚጠጡበት ጊዜ ነበር። የሚጠጡት ደግሞ በሐኪሙ ትእዛዝ አይደለም፤ ልጄ አሁን ርቦታል ብለው ስላመኑ ነው። ይህን ጉርሻ ቢጎርስ፣ በእጃቸው ያለው ወተት ያ በአጥሚት ውስጥ የተደበቀው ወተት ሆኖ ይመለሳል። እጁን ሰበሰበ። ጓደኞቹ ከመቼ ወዲህ ነው እያሉ ቀለዱበት። ከድር የሚባለው የቅርብ ጓደኛው ግን ፊቱን አየት አደረገና ሳህኑን ገፋ አድርጎ ከሱ አራቀለት።

"እናትህ እንዴት ናቸው?" አለው።

"ይሻላታል" አለ ናሁሰናይ።

ፋሲካ ደረሰ። ወይዘሮ አስካለ አጥንታቸው ሥጋ አውጥቶ፣ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ማዕድ ላይ ተቀመጡ። ቀለበታቸውም ጣታቸው ላይ ጠንቶ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ ልጃቸው አፍ እየወሰዱ መሐል ላይ ያዙት።

"እውነቱን ንገረኝ" አሉት። "በዚህ ሁሉ ጾም አንድ ቀን እንኳ ጸለይክ?"

"አልጸለይኩም። ራበኝ ብቻ።"

"እኔ ደግሞ ጾምህን ከመለስኩልህ ወዲህ አንድ ቀን አልራበኝም፤ ጸለይኩ ብቻ" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "እንግዲያማ ሁለታችን ሆነን አንድ ሙሉ ጾም ጾመናል።" ይህን ብለው አጎረሱት።

ናሁሰናይ በኋላ አመነ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አላመነም፤ ቢያምን ኖሮ ታሪኩ ለአንዳንዶቻችን ይጥም ነበር፣ ግን አላመነም። ወይዘሮ አስካለም ስለሱ መጸለይ አልተዉም። ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ግን፣ እናቱ በሕይወት እስካሉ ድረስ፣ የራሱን ጾም ለማንም ሳይተው ራሱ ይዞት ይውላል።

ዛሬ በየቤታችን የሚያምንና የማያምን በአንድ ማዕድ ይቀርባል። የሚያምነው የማያምነውን ልበ ደንዳና ይለዋል፤ የማያምነው ደግሞ የሚያምነውን ኋላ ቀር ይለዋል። ሁለቱም መርታት ይፈልጋሉ፤ ለመርታት ሲልም አንዱ ለሌላው መልካም ነው ያለውን ነገር ደብቆ ሊያጠጣው ይሞክራል። ከማታለል የተረፈ ፍቅር ግን ሌላውን ወደ ራሱ ሳይጎትት ሸክሙን ይጋራዋል። ሰው የማያምንበትን "አምናለሁ" ሳይል፣ የሚያምነውንም "ተው" ሳይል፣ የሚወደውን ሰው ረሃብ ሊሸከምለት ይችላል። አንተስ አንባቢ፣ "እሺ" ብሎህ ዝም ያለ ሰው በቤትህ ካለ፣ ምንህን ይዞልህ እንደሚውል ጠይቀኸው ታውቃለህ?