በእሷ ቁልፍ ይሂዱ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጠጋ ነው፤ የእህል ቤቱን ጠባቂ ሴት በሰው ፊት ሌባ ብሎ በደላት። ከበደሉ የጀመርሁት ጥያቄህ ስላናደደኝ ነው፣ መኩሪያ። «አክስቴ፣ በክሊኒካችን የታካሚ ፋይል የሚፈልገው ፕሮግራም ወደ ዳታቤዙ የሚገባበትን አካውንት ፈቃድ ለጥንቃቄ ብዬ ቀነስሁት፤ ከዚያ ወዲህ ፍለጋው ባዶ ይመልሳል። እኔ ራሴ ገብቼ ሳይ ግን ፋይሉ አለ። ጥፋቱ ታካሚ የምትቀበለው፣ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የምትቀመጠው ልጅ ነው፣ ላባርራት ነው፤ ምን ትያለሽ?» አልኸኝ። የምለውን ስማ።

ጎረቤቱ ሁሉ ዘሩን በዚያ ባለጠጋ ቤት በአደራ ያስቀምጥ ነበር። ሴትዮዋ የክፍሎቹን ቁልፍ በጠፍር አስራ ይዛ፣ ለመጣው ሁሉ የየራሱን ታወጣለታለች። በዚያ ቤት ግን አንድ ክፉ ደንብ ነበር፤ ሠራተኛ በእንግዳ ፊት «እዚያ እንዳልገባ ተከልክያለሁ» ካለ ጌታውን አዋረደ ይባላል። ስለዚህ ልትከፍተው ባልቻለችው ክፍል ያለውን ሁሉ «የለም» ማለት ነበረባት።

አንድ ቀን ባለጠጋው ሌባ በዛ ሲሉ ሰማና ደነገጠ። የትኛው ቁልፍ ለምን እንደሚያስፈልጋት ሳይጠይቅ፣ ከጠፍሯ ላይ ግማሹን ፈትቶ ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈባት። ጠንቃቃ ነኝ ብሎ ደረቱን ነፋ።

ዝናቡ ሲገባ አንድ ገበሬ ማሳውን አለስልሶ የጤፍ ዘሩን ሊወስድ መጣ። ሴትዮዋ ሄዳ ተመለሰችና «የለም» አለችው። ሰውየው እዚያው ዘጭ አለ፤ ልጆቹን ለከርሞ የሚያበላበት ሌላ ዘር የለውማ። ጩኸቱን ሰምቶ ባለጠጋው ወጣ፤ ሁሉን በሚከፍተው በራሱ ቁልፍ ክፍሉን ከፈተና ዘሩን አየ።

«ይኸው! ልትሸጪው ነበር፣ አንቺ ሌባ! ዛሬውኑ ከቤቴ ትወጫለሽ!»

ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል። እሷ በእንግዳ ፊት «ተከልክያለሁ» አትል ነገር፤ ጠፍሯን ፈትታ አስቀመጠች።

ገበሬው ግን ተነሣ። «ጌታዬ፣ በእርስዎ ቁልፍማ የማይከፈት ምን አለ? እሱን እዚህ ያስቀምጡና በእሷ ቁልፍ ይሂዱ።»

ባለጠጋው እየሳቀ ጠፍሩን ይዞ ሄደ። አንዱን ቁልፍ ሞከረ፣ ሌላውን ሞከረ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ።

መኩሪያ፣ ባለጠጋው አንተ ነህ! ጠባቂዋ ፈቃዷን የነጠቅሃት አካውንት ናት። ገበሬው ታሞ መጥቶ «ፋይልህ የለም» የተባለው ሰው ነው። የመስኮቷ ልጅማ ፕሮግራሙ ያላትን ደገመች እንጂ ምን አደረገች? በአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ገብተህ «አለ» ትለኛለህ፤ ለአንተማ እንዴት አይኖር! በዚያው በቀነስኸው አካውንት ግባና ፈልግ። ባዶ ሲመልስልህ፣ ለፍለጋው የሚያስፈልገውን የማንበብ ፈቃድ መልስለት፤ ቤቱን ሁሉ ክፈትለት አላልሁህም። ፕሮግራሙም ሲከለከል «ተከልክያለሁ» ይበል፤ «የለም» ብሎ በሽተኛ አይመልስ።

ባለጠጋውማ ከበሩ ተመልሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ ተዘግቶብኛል አትይኝም ነበር?» አላት። እሷም በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት እንዲህ አለችው፦

«በሩንም የዘጉት እርስዎ፣ አፌንም የዘጉት እርስዎ። ሌባ ያሉኝ በሰው ፊት ነው፤ አይደለችም የሚሉትም አሁን፣ ሰዉ ሳይበተን ነው።»