ገጽ አራት ላይ ያለው ውሃ

አንድ ጊዜ፣ ሰው በማይደርስበት ቆላ፣ የእንስሳት ወረዳ ነበር አሉ። አስተዳዳሪው አንበሳ፣ የግምገማው ኃላፊ ቀበሮ፣ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ አያ ጅቦ ነበር። ውሃውን ከወንዝ እስከ ገንዳው የምታመላልሰው ግን እማማ አህዮ ናት።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ቀበሮ ነጥቡን ሲያከፋፍል ለሪፖርት ስልሳ፣ ስብሰባ ላይ ለመገኘት አርባ አደረገው። ለሥራስ? ለሥራ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ አልተረፈም። ጅቦ ቀበሮ የጻፈለትን ወፍራም ሪፖርት ይዞ ስለቀረበ ዘጠና ዘጠኝ አገኘ። አንዷ ነጥብ የተቀነሰችበት ስብሰባ ላይ ስላንኮራፋ ነው። አህዮ ግን ከወንዙ መንገድ መቼ ወጥታ ሪፖርት ትጻፍ፣ መቼ ስብሰባ ትቀመጥ? ዜሮ ሆነች።

ዜሮ ያገኘ ደግሞ ከወረዳው ይባረራል። አህዮ ክው አለች። በዚህ ዕድሜዋ የት ትግባ? ሮጣ ቀበሮ ዘንድ ሄዳ ለመነችው። እሱም ግምገማው የሚጠቃለልባቸውን ሦስት ቀናት ሳትነቃነቅ ስብሰባ ከተቀመጠች እንደምታልፍ ነገራት።

«ውሃውስ?» አለችው።

«ውሃ ነጥብ የለውም» አላት።

እሺ ብላ ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ተመቻት፤ ዕድሜ ልኳን እንዲህ አርፋ አታውቅም። በሁለተኛው ቀን እንዲያውም እጇን አውጥታ ሐሳብ ሰጠች፤ ተጨበጨበላት። በሦስተኛው ቀን ገንዳው ደረቀ። አንበሳ ጉሮሮው ደርቆ ማግሳት ሲያቅተው ውሃ እንዲመጣለት አዘዘ። ሁሉም ዞሮ አህዮን አያት።

እሷም ተነሣች። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ስብሰባ ላይ ነኝ» አለች።

ጅቦ ግን ምን ገዶት። ሪፖርቱን ገልጦ፣ ገጽ አራት ላይ ገንዳው እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል ብሎ ድርቅ አለ።

«እንግዲያው ገጽ አራትን ጠጣልኝ» አለው አንበሳ።

ጅብ ሆዬ መቼ ይግባውና! ገጹን ገንጥሎ፣ አኝኮ ዋጠው።

«እህ፣ እንዴት ነው?»

«ደረቅ ነው ጌታዬ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንበሳም ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ስቆ ሲያበቃ ግምገማው ከእንግዲህ ገንዳው ዳር እንዲሆን፣ ኃላፊነቱም ለአህዮ እንዲሰጥ ወሰነ። በማግስቱ ጅብና ቀበሮ እንስራ እንስራቸውን አዝለው ዳገቱን ሲወጡ፣ አዲሷ ኃላፊ ከኋላ ሆና «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ እንዳይፈስባችሁ» ትላቸው ነበር፤ ደስታዋ ጆሮዋ ድረስ ደርሶ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሠራተኛውን በሪፖርት ውፍረት የሚመዝን መሥሪያ ቤት፣ የጠማው ዕለት የሚጠጣው ወረቀት መሆኑን ነው።