የጋሽ ወልደሃና ወራሽ

«ፍርድ የሚከብደው ሁሉም እውነት ሲይዝ ነው» ብለውኝ ነበር እትዬ ዓለሚቱ፣ ትምህርቴን ከማቋረጤ በፊት፣ በባለቤታቸው ሠልስት ዕለት። ከዚያ ይህን ነገሩኝ።

በዚያው ሳምንት ባለቤታቸው ጋሽ ወልደሃና፣ የኮሌጅ ሒሳብ መምህር፣ ሆስፒታል ተኙ። የሚያስተምሩትን ክፍል የሚረከበውን አንድ ረዳት እሳቸው እንዲመርጡ ኃላፊያቸው ፈቀደ። ሦስት ተማሪዎቻቸውን አስጠሩና ጠየቁ፦ ከላይ ሦስት፣ ከታች ሁለት ሲደመር ኤክስ። «ይህን ክፍልፋይ ፓወር ሲሪየስ አድርጉልኝ። ኤክስ፣ ኤክስ ስኩዌር፣ ኤክስ ኪዩብ እያለ የሚሄድ፣ ማለቂያ የሌለው ድምር።»

ጉደታ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ማካፈል ጀመረ። አንድ ተርም፣ ማለትም የድምሩን አንድ አባል፣ ያወጣል፣ ቀሪ ይተርፋል፤ ቀሪውን ያካፍላል፣ ሌላ ቀሪ ይተርፋል። አልሰለቸም። በሽተኛውም «እሺ፣ ቀጥል» ይሉታል።

«እስከ ፋሲካ ልታካፍል ነው እንዴ?» አለችው ረሒማ። ግን ተርሞቹን ስታይ ገባት፤ እያንዳንዱ፣ የፊተኛው በኔጌቲቭ ኤክስ ተባዝቶ ለሁለት ተካፍሎ የመጣ ነው። ጂኦሜትሪክ ሲሪየስ! ማለቂያ የሌለውን ድምር በአንድ መስመር ጻፈችው። ጋሽ ወልደሃና ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ።

ፅጋብ የጻፈችውን መስመር አይቶ፣ «ኤክስ ሦስት ቢሆንስ?» አለ።

«አንተ ደግሞ፣ ደስታ አትወድም!» አለችው ረሒማ።

ሞከሩት። ድምሩ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ትክክለኛው መልስ ጋ አልደርስ አለ። ፅጋብ ከረሒማ መስመር ተነሥቶ ድንበሩን አገኘ፦ ኤክስ በኔጌቲቭ ሁለትና በሁለት መካከል ካልሆነ ድምሩ አይሠራም።

«የመረጥኩትን ሰው ስም ጠዋት እነግራችኋለሁ፤ አሁን ደከመኝ» አሉ ጋሽ ወልደሃና። ጠዋት አልነበሩም።

ለቅሶው ላይ ኃላፊው ወደ እትዬ ዓለሚቱ ጠጋ ብሎ፣ «ስም ጠርተውልዎት ነበር? እርስዎ ያሉት ይሆናል» አላቸው። ሦስቱም ልጆች ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ያነሣሉ። ጉደታ ባያካፍል ረሒማ ምን አይታ ትጽፍ ነበር? ረሒማ ባትጽፍ ፅጋብ የምኑን ድንበር ያገኝ ነበር? ፅጋብ ባይጠይቅስ፣ ስሕተቱ ለስንት ተማሪ በተላለፈ።

«እሳቸው ያልጠሩትን ብጠራ በሙት ስም መዋሸት ነው» አሉኝ። «ዝም ብልም ክፍላቸው ለማያውቃቸው ሰው ይሄዳል። አንቺ ብትሆኚስ፣ ልጄ?»

ተነሥቼ የወረደ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስኩላቸው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ቦታው ለማን ይገባል?